ጥርስ በሌላቸው አዛውንት ፊት ላይ ጭንብሉ አልገጥም አለኝ

በምሥራቅ ጎጃም ገጠር የምሠራ ነርስ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ትንፋሻቸው የደከመ አዛውንት ይዤ በአምቡላንስ ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ አምቡ ባጉን (በእጅ ሲጨመቅ በጭንብሉ በኩል አየር ወደ ሳንባ የሚገፋውን ከረጢት) የያዝሁት ብቻዬን ነበር። በየ6 ሰከንዱ አንዴ መጭመቁን አላጣሁትም፤ ግራ እጄም አገጫቸውን ወደ ላይ ስቦ ጭንብሉን ይዟል። ግን ጥርስ የላቸውም! ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቶ አየሩ በከንፈራቸው ጥግ እሽሽ እያለ ይወጣል። ደረታቸው አልነሣ ሲል ጠንክሬ ጨመቅሁ፤ ይባስ ብሎ ሆዳቸው ተነፋ። መንገዱ ኮረኮንች፣ እጅ አያረጋም። ደግነቱ በሕይወት ደረስን።

ሹፌሩን አስቁሜ እኔ ጭንብሉን በሁለት እጄ ልያዝ፣ እሱ ይጭመቅ ማለት ነበረብኝ? ጉንጫቸው ውስጥ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ማድረግስ ይቻላል? ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ታካሚ ቢገጥመኝስ፣ ላውጣው ወይስ ልተወው? የሞከራችሁት ንገሩኝ።