ቀናበት፣ ተመቀኘው፣ ቂም ያዘበት፦ የቱን የት ልጻፍ?

ከዚራ
ለትምህርት ቤት የሚሆን አጭር ድራማ እየተጻፈ ነው። ቦታው ድሬ፣ ከፊራ ገበያ፤ ጎን ለጎን ሁለት ሱቅ። አንደኛውን ባለሱቅ የጎረቤቱ ደንበኛ መብዛት ያንገበግበዋል፤ በዚያ ላይ ያበደረው ገንዘብ አልተመለሰለትም። ረቂቁ ሁሉንም ስሜት «ቅናት» ብሎት አርፏል፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ አይጥምም። ቅናትና ምቀኝነት በምን ይለያሉ? ቂምና ቅያሜስ? አንዷ ገጸ ባሕርይ ደግሞ የሐረር እናት ናት፤ በሷ አፍ ምን ቢገባ ያምራል?

አራሚው
መፈተኛው ቀላል ነው። «የሚያስቀና ትዳር» ይባላል፤ ሙገሳ ነው። «የሚያስመቀኝ ትዳር» የሚል ግን የለም። የቀና ሰው እሱም እንዲኖረው ይመኛል፣ ወይም የያዘውን እንዳይነጠቅ ይሰጋል። ምቀኛ ለራሱ ባይጨመርለትም ግድ የለውም፤ ከጎረቤቱ ይቀነስ እንጂ። ዘጸአት 20፥5 ላይ «ቀናተኛ አምላክ» የተባለውን በ«ምቀኛ» ተካውና ምን እንደሚሆን እየው። «ለሀገሩ ቀናኢ» የምንለውም ከዚያው ከግእዙ «ቀንአ» የወጣ ነው።

ስለዚህ ባለሱቁ «ምነው እኔም እንደሱ በሸጥኩ» ካለ ቀንቷል። «ሚዛኑ እኮ ይሰርቃል» ብሎ ካስወራ ተመቅኝቷል።

አንድ ወጥመድ አለ። ቅናቱ «በ»ን ይፈልጋል፦ ቀናበት፣ ቀናችብኝ። «በ»ን ከጣልከው ሌላ ቃል ይሆናል፤ «ቀናው» ማለት ተሳካለት ነው፣ «ይቅናህ»ም ምርቃት። ረቂቁ ውስጥ «ጎረቤቱን ቀናው» የሚል ካለ አሁኑኑ አርመው። «ተመቀኘ» ግን ሰውየውን በቀጥታ ይይዛል፦ ተመቀኘኝ፣ ተመቀኘችው።

ሸዋ በር
ብድሩን በተመለከተ፣ ከመጀመሪያው ትዕይንት ቂም አታስገባ። መጀመሪያ ቅር ይለዋል፤ ይኼ ሆድ ውስጥ የሚቀር ነው፣ ሰላምታ አያስቀርም። ከዚያ ይቀየማል። ቅያሜ ፊት ላይ ይታያል፦ «ደህና ነህ» አጭር ትሆናለች፣ ቡና ሲጠራ ሰበብ ያበዛል። ስለሚታይም ሽማግሌ ይገባበታል፣ በይቅርታ ይሽራል።

ቂም ይያዛል፣ ይቋጠራል። ግሶቹን ልብ በል፤ ሰውየው ደብቆ ያስቀመጠው ነገር አለ ማለት ነው። ቂመኛ እየሳቀ ሊጨብጥህ ይችላል፣ ቀን እየጠበቀ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የተባለውም ለዚህ ነው፦ ውስጥ የተያዘው የሚሠሩትን ያከሽፋል። «ጥርስ ነክሶበታል» የምትለዋን ለዚህ ደረጃ አቆያት፤ ለቅያሜ ትከብዳለች።

«ቁርሾ» ሁለት ወገን ይጠይቃል፤ «በመካከላቸው ቁርሾ አለ» እንጂ «ቁርሾ ያዘኝ» አይባልም። «ቅሬታ»ን ከሱቁ አርቀው። ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት የኖረ ቃል ነው፤ ባለሱቅ «ቅሬታ አለኝ» ሲል ማመልከቻ ሊያስገባ ይመስላል።

ጀጎል ግንብ
ለእናትየው «ሐሰድ» የሚለው ይስማማታል፣ ግን ቦታውን ጠብቀህ። በእስልምና አስተምህሮ ሐሰድ የሌላው ጸጋ እንዲወገድ መመኘት ነው፤ ያንኑ ጸጋ ለራስ መመኘት ብቻ ከሆነ ጊብጣ ይባላል። አራሚው ከለየው ጋር ገጥሟል፦ ሐሰድ ምቀኝነት ነው፣ ለቀላል ቅናት አይሆንም። ከኦሮምኛ ካመጣህ «ሂናፋ»፣ ከሶማልኛ «ሂናሴ» አለልህ፤ እነዚህ ወደ ቅናቱ ያደላሉ።

ደግሞ ሁሉን በቃል አትናገር አቦ! ምቀኛው የጎረቤቱን አዲስ ዕቃ እየዳሰሰ «አቤት ሲያምር» ይበል፣ ዓይን እንዳይነካ የሚባለውን «ማሻአላህ» ግን አይበል። እናትየው እጁን ከዕቃው ላይ አንስታ ዝም ትበል። የምሥራቅ ተመልካች ወዲያው ይገባዋል።

ከዚራ
«ጎረቤቱን ቀናው» ሁለት ቦታ ተገኝቷል፣ ታርሟል። ብድሩም ከቅር መሰኘት ይጀምራል። ርዕሱን «ቀናተኛ አታሳጣኝ» ብንለውስ? ባጃጅ ላይ ከሚለጠፈው ወስደን።

አራሚው
የሚለጠፈው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ነው፤ ተፎካካሪ ያበረታኛል እንደማለት። «ቀናተኛ» ካደረግኸው ስልክ የሚበረብር ባል ስጠኝ ብሎ መጸለይ ይሆናል።