የቀድሞው ደቡብ ክልል 123 ወንበሮች፦ እንደገና ይከለሉ ወይስ ባሉበት ይቆዩ?

መምህሩ ከሐዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምከፍተው ጉዳይ ብዙ ሰው ደረቅ ነው የሚለው ነው። እኔን ግን ዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል። የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ዛሬ የለም። ሲዳማ በ2012 ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ ወጣ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። በ2015 የቀረው ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነ። አንዱ ክልል አራት ሆነ ማለት ነው። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የነበሩት 123 ወንበሮች ግን ከ1987ቱ ምርጫ ጀምሮ በነበሩበት አሉ። አራቱ ክልሎች እንደ አባት መሬት ተከፋፈሏቸው። ማን ስንት ሰው አለው ብሎ የጠየቀ የለም።

ቁጥሩን እዩት። ሲዳማ 19 ወንበር ይዞ ወጣ። በ1999ኙ ቆጠራ የሲዳማ ዞን ሕዝብ 2.95 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሲካፈል አንድ ተወካይ ለ155 ሺህ ሰው ይደርሳል። የቀረው ደቡብ 12 ሚሊዮን ሕዝብ በ104 ወንበር ነው፤ አንድ ለ115 ሺህ። እኔ በምኖርበት አካባቢ ያለ መራጭ ድምፁ ከጎረቤቱ ያነሰ ነው። ይህን ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? የምርጫ ክልሎቹ እንደገና መሠራት አለባቸው።

የቦንጋ ልጅ፦
መምህር፣ ስሌትህን አልቃወምም። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። እንደገና ይከለል ሲባል መጀመሪያ የሚዋጠው ትንሹ ነው። ትንሽ ወረዳ ከትልቅ ከተማ ጋር ሲደባለቅ ተወካዩ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ነገር ላስታውስ። በ2002 ምርጫ ከ547ቱ መቀመጫ 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። ከተረፉት ሁለቱ አንዱ ከኛው ከቦንጋ ነበር፤ ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ በግል ተወዳድረው አሸነፉ። ይህ የሆነው መራጩ ሰውየውን ስለሚያውቅ ነው። በ2013ም የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2 ወንበር አግኝቷል። በአገር ደረጃ ስንት ሰው ያውቀዋል? በጌዴኦ ግን ይታወቃል። የምርጫ ክልሉ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። መስመሩን ሰፋ አድርገህ ብታሰምረው እነዚህ ድምፆች ይጠፋሉ።

ጠበቃዋ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ሕጉ የሚለውን እንይ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ይደረግ ይላል። በቆጠራው ውጤት ላይ ተመሥርቶ ምርጫ ቦርድ ሐሳብ ያቀርባል፤ ወሰኑን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። ስለዚህ መምህር የጠየቁት ነገር አዲስ አይደለም። መሆን የነበረበት ነው።

የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። እሱም ሲመጣ የወንበሩ ቁጥር አልተነካም። አራተኛው ቆጠራ በ2010 መሆን ነበረበት፤ ተራዘመ። በ2011 መጨረሻ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት።

ሌላም አለ። አንቀጽ 54 የአባላቱ ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ይላል። ያለን 547 ነው። ለመጨመር የቀረን 3 ወንበር ብቻ ነው። ስለዚህ ለሲዳማ 5 ወንበር ይጨመር ብትሉ ከሌላ ቦታ ይነሳ ማለታችሁ ነው። ከማን ይነሳ?

ደግሞ ከደቡብ ወጣ ብላችሁ እዩ። በዚያው በ1999ኙ ቆጠራ ሶማሌ 4.4 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በ23 ወንበር ነው፤ አንድ ለ190 ሺህ ይሻገራል። ሐረሪ 183 ሺህ ሰው በ2 ወንበር። የሲዳማን ብቻ ስናነሳ ጎዴና ጅግጅጋ ያለው ሰው ይታዘበናል።

መምህሩ ከሐዋሳ፦
እህቴ፣ ጎዴም ጅግጅጋም ልክ ነው። ጥያቄያቸውን አላሳንስም። እኔ በማውቀው ጀመርኩ።

ሶዶ ነጋዴ፦
ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በልባችሁ ያለውን እረዳለሁ። ግን በገበያ መካከል ሆኜ ስሰማ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ተወካዩ የሚያደርግልን ነገር ምንድነው? የመንገድና የውሃ ጉዳይ ያለው ክልሉ ጋ ነው። ክልሉ ተለወጠ፤ ወላይታ ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። አዲሱ የክልል ምክር ቤት ግን የተመሠረተው በ2013 ለደቡብ ክልል በተመረጡት ሰዎች ነው። መርጠን የላክናቸው ለአንድ ክልል ነበር፤ በሌላ ክልል ተቀመጡ። የፓርላማውን ወንበር ከመቁጠራችን በፊት ይህን እናንሳ። እኔ ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ምክር ቤት አንድም ጊዜ ድምፅ አልሰጠሁም።

(በነገራችን ላይ ቃሉም ያደናግራል። ክልልም ክልል ነው፣ ምርጫ ክልልም ክልል ነው። እናቴ ክልሉ ሲከፈል የመረጥናቸውም ተከፈሉ ወይ ብላ ጠይቃኛለች። ቅን ጥያቄ ነበር፤ መልስ አላገኘሁላትም።)

የሆሳዕናው ከጆሃንስበርግ፦
ሰላም ጤና። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጣነው ስንት እንደሆንን እናንተም ታውቃላችሁ። እዚህ ሆነን በአገራችን ምርጫ ድምፅ አንሰጥም፣ እሱ ሌላ ቁስል ነው። ግን እዚህ ያየሁትን ላካፍል።

የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ሸንጎ 400 መቀመጫ አለው። መራጩ የሚመርጠው ፓርቲን ነው፤ ፓርቲው ባገኘው ድምፅ ልክ መቀመጫ ያገኛል። 10 በመቶ ካገኘህ 10 በመቶውን ትወስዳለህ። የባከነ ድምፅ እምብዛም የለም። በፈረንጆች 2024 ገዢው ፓርቲ ኤኤንሲ ከ1994 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በታች ወረደና ከሌሎች ጋር ተጣምሮ መንግሥት መሠረተ። ማንም ፓርቲ ሁሉን አልጠቀለለም። እኛ 545 ከ547 ያየን ሰዎች በዚህ መቅናት አያስፈርድብንም።

ሱቄ የሚመጡ ጎረቤቶቼ ግን የሚያማርሩት አለ። የኔ ተወካይ ማነው ብለህ ብትጠይቃቸው ስም አይጠሩልህም። ስሙ በፓርቲ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ የሚፈራውም ዝርዝሩን የሚያወጣውን ነው። ስለዚህ የቦንጋው ወንድሜ የሚለው ይገባኛል። ቢሆንም እኔ ግማሹን እንደነበረ፣ ግማሹን በፓርቲ ድምፅ ብናደርገው እመርጣለሁ። ያኔ በሲዳማና በወላይታ መካከል ወንበር መነጣጠቁ ይበርዳል። የትም ብትኖር ድምፅህ እኩል ይቆጠራል።

ጠበቃዋ፦
ቅይጥ ሥርዓት የሚለው ሐሳብ በ2009ና በ2010 ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚዎች ሲደራደሩም ተነስቶ ነበር። ችግሩ አንቀጽ 54 በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ብሎ ጽፎታል። ያንን መለወጥ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ነው። ወንበር ማስተካከል ግን ማሻሻያ አይፈልግም፤ ቆጠራና ውሳኔ ብቻ ነው የሚፈልገው። ለዚህ ነው በቀረበው በር እንግባ የምለው።

ጂንካ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ስለ እኛ ማንም አላነሳም። የቀድሞው ደቡብ ኦሞ ዞን 16 ብሔረሰቦች ያሉበት ነው። አንዳንዱ ቁጥሩ በጥቂት ሺዎች ነው። አንድ ተወካይ ለ155 ሺህ ይሁን በሚል ብቻ ከሄዳችሁ እኛ አንድም ሰው አይኖረንም። ለዚህ ነው ሕገ መንግሥቱ ቢያንስ 20 ወንበር ለአናሳዎች የለየው። እኩል ድምፅ ብቻ የሚለው መለኪያ ትንሹን ይጎዳል።

መምህሩ ከሐዋሳ፦
ወንድሜ፣ ልክ ነህ፣ ይህ ከመጀመሪያው ጽሑፌ ቀርቷል። የአናሳዎቹ ወንበር አይነካ። ግን አናሳዎች በፌዴሬሽን ምክር ቤትም እያንዳንዳቸው ወኪል አላቸው። ያ አይበቃም ወይ?

ጂንካ፦
አይበቃም መምህር። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕግ አያወጣም። በጀት የሚያጸድቀው፣ ስለ ግጦሽ መሬትና ስለ ስኳር ፋብሪካ ሕግ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። በኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት ጊዜ መሬታችን ላይ ሲወሰን ድምፅ ያስፈልገን የነበረው እዚያ ነው።

መምህሩ ከሐዋሳ፦
እሺ፣ ይህን ተቀብያለሁ። በዚህ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ የአናሳዎች ወንበር ከስሌቱ ይውጣ። ከዚያ ውጪ ላለው ግን አቋሜ ያው ነው። ቆጠራው ይካሄድ፣ ወሰኑም በእሱ ይሠራ። ሁላችንም የምንጠቅሰው የ1999 ቁጥር ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ይመርጣል።

የቦንጋ ልጅ፦
ቆጠራው ከሆነ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ። ግን ካርታው ሲወጣ ወረዳው ሳይሰማ እንዳይጸድቅ። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ቡና አምራቹ ይናገር። ትናንት ክልሉ ሲከፈል ስሙንም መቀመጫውንም የሰማነው ከተወሰነ በኋላ ነበር።

ጂንካ፦
እኔ ደግሞ የምጨምረው ቀኑን ነው። ቆጠራው በደረቁ ወራት ከመጣ ሰዉ ከብቱን ይዞ ወደ ኦሞ ዳር ወርዷል። መንደር ላይ የምታገኙት አቅመ ደካማና ሕፃን ነው። ቆጣሪው ከብቱን ተከትሎ ውሃ ዳር ይውረድ። አለበለዚያ ያልተቆጠረው ሰው ወንበሩ ከእጁ ይወጣል፣ ቀጥሎ ደግሞ ሰው የለበትም ተብሎ መሬቱም ይሄዳል።