ጽሑፌ የማንም አይመስልም አሉኝ፣ የራስን ድምፅ እንዴት ነው የምታገኙት?

የጠባሴው፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ አጫጭር ልብ ወለድ እሞክራለሁ። ሰሞኑን አንዷን ለጓደኛዬ ባስነብበው "ቆንጆ ናት ግን የሆነ ቦታ ያነበብኳት ይመስለኛል" አለኝ፣ ተናደድኩ ግን እውነቱን ነው መሰለኝ። አጀማመሯ "ጉሙ ነጭ ጋቢውን ለጣርማበር ተራራ አልብሶት..." ነው የሚለው። የራሳችሁን አጻጻፍ ያገኛችሁ ሰዎች ምን አድርጋችሁ ነው? አንብብ ብቻ እንዳትሉኝ፣ ሳነብማ ይብስብኛል፣ ያነበብኩትን ሰውዬ ሆኜ ነው የምነሳው።

የመንዟ ልጅ፦
ያ ጋቢ ስንት ተራራ አለበሰ በናትህ ሃሃሃ። እኔን የጠቀመኝን ልንገርህ፣ እማማ መሃል ሜዳ ነው ያለችው፣ በግ የጠፋባት ጊዜ ስታወራ በስልኬ ቀድቼ ቃል በቃል ገለበጥኩት። መጀመሪያ የጎረቤቷን ውሻ አማችው፣ ከዛ ስለ ውርጩ፣ ከዛ ስለ ጉልበቷ፣ መጨረሻ ላይ "እና ገመዱን ይዤ ገባሁ" ብላ ዝም። ጠፋ የምትል ቃል አንዴም አልወጣትም! እኔ ብሆን "በሐዘን ተውጣ" ምናምን እል ነበር። ምን እንደምትዘል ነው የሰማሁት።

ባና ለባሽ፦
እማማን መቅዳቱ ጥሩ ነው ግን የመንዝ አነጋገር ጣል ጣል ስላደረግክ ብቻ ድምፅ አገኘሁ እንዳትል ወንድሜ። እኔ በዛ መንገድ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌሩ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ቴፑን ይዘጋል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ መንገድ በጆሮ አይታይ፣ ግን ይዘጋዋል፣ ተሳፋሪውም ወሬ ያቆማል። ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ነው ሰው ሹራቡን እያወለቀ መሳቅ የሚጀምረው። ያንተ ጉም ግን ከመኪና ውስጥ የታየ አይደለም፣ የፖስታ ካርድ ነው።

አንኮበሬ፦
ጮክ ብለህም አንብበው። በ1958 የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን ስንቱ ሰው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ነው ያወቀው፣ እንደኔ ጽሑፉ ራሱ ለጆሮ ባይመች ወጋየሁም አያድነውም ነበር። አፍህ የሚደናቀፍበትን አስምርበት፣ ብዙ ጊዜ ከሰው የተዋስከው እዛ ጋ ነው። ቤተሰብ ከተኛ በኋላ እንዳታደርገው ብቻ፣ እኔን አበደ ብለውኛል።

የጠባሴው፦
ተባረኩ። ቅድም እንዲህ ቀየርኳት፦ "ሹፌሩ ቴፑን ዘጋው። እናቴ እጄን ያዘችኝ፣ 24 ዓመቴ ነው።"

ባና ለባሽ፦
ቴፑ የኔ ነው ሌባ ሃሃሃ፣ እጁ ግን ያንተ ነው፣ ከሱ ጀምር።