የቆየና አዲስ ልብ ወለድን በአንድ ሂስ እንዴት ልመዝን?

የተከበራችሁ አንባብያን፣ የሁለት ልብ ወለዶችን ሂስ በአንድ ጽሑፍ ለማቅረብ ጀምሬ መሐል ላይ ስለቆምኩ ምክራችሁን እሻለሁ። አንደኛው የዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ሲሆን፣ ሌላው በቅርቡ የታተመና እንደ እሱ ሁሉ በግድያ ዙሪያ የሚያጠነጥን ሥራ ነው።

በዋናነት የተቸገርኩት የትረካውን ፍሰት ስመዝን ነው። «ወንጀልና ቅጣት» በ1866 እ.ኤ.አ. በመጽሔት ላይ በተከታታይ የወጣ በመሆኑ የዘመኑ አንባቢ ታሪኩን በየወሩ እየጠበቀ ያነበው ነበር፤ አዲሱ ግን በአጫጭር ምዕራፎች ይገሰግሳል። እርግጥ ነው፣ ሰዎች በሩን ከውጭ ሲነቀንቁ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ገዳዩ ራስኮልኒኮቭ፣ ከውስጥ ሆኖ የሚንቀጠቀጠውን መቀርቀሪያ በፍርሃት የሚመለከትበት ትዕይንት ዛሬም ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ስለዚህ የቆየውን ሥራ በደፈናው «ዘገምተኛ» ማለት ፍትሐዊ አይመስለኝም። ሆኖም በእሱ ውስጥ በአድናቆት የማልፋቸውን ረጃጅም ንግግሮች በአዲሱ ውስጥ ባገኛቸው ኖሮ «የተንዛዙ» ብዬ እነቅፍ ነበር። ታዲያ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ልለካቸው ወይስ እያንዳንዱን ከዘመኑ አንባቢ አንጻር ልይ?

ሁለተኛው ችግሬ ምስጢርን ስለመጠበቅ ነው። የራስኮልኒኮቭ ወንጀል ከስድስቱ ክፍሎች በመጀመሪያው ስለሚፈጸም በነጻነት ልጽፍበት እችላለሁ። የአዲሱ ገዳይ ግን የሚታወቀው በመጨረሻዎቹ ገጾች ነው፤ ዋናው ትችቴ ደግሞ የገዳዩ ኑዛዜ ከባሕርዩ የመነጨ አለመሆኑ ነው። ይህን መጨረሻውን ሳልገልጥ በምን ማስረጃ ላሳይ? ወይስ አንባቢውን አስቀድሜ አስጠንቅቄ በግልጽ ልጻፈው? በሂስ ሥራ ልምድ ያላችሁ እንዴት እንደምታደርጉ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።