የሪሞት መኪናዬ ቀለም ተላጠ፣ ሞተሩም ይግላል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ ከ«ጣና ዳር»

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባሕር ዳር ነው። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ታሚያ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራውን የቲቲ-02 ሪሞት መኪና ኪት፣ ማለትም ራስህ የምትገጣጥመውን፣ ይዞልኝ መጣ። መጠኑ የእውነተኛ መኪና 1 ለ 10 ነው፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ገጣጠምኩት።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛው ቦዲው፣ ማለትም የላይኛው ሽፋን ነው። ግልጽ ፕላስቲክ ሆኖ ነው የመጣው፤ መመሪያው እንዳለው ከውስጥ በኩል ቀባሁት። ቀለሙ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የገዛሁት ተራ ሰማያዊ ስፕሬይ ነው። ሲደርቅ እንዴት ያምር ነበር! ባለፈው እሁድ ሐይቁ ዳር ይዤው ወጣሁ። አንድ ድንጋይ ጋር ተላተመና የፊቱ ጥግ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። አሁን በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ይረግፋል።

ሁለተኛው ሞተሩ ነው። ሣር ላይ አምስት ደቂቃ ከነዳሁት እጅ አያስነካም። ፍጥነት ፈልጌ ትልቅ ፒኒየን (ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚገባውን ባለ ጥርስ ጎማ) አስገብቻለሁ። ባትሪው 7.4 ቮልት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው።

ቀለሙን ነገ በአሴቶን ላስለቅቀው አስቤያለሁ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፣ ከ«ኩሽኔታ»

ወንድሜ፣ አሴቶኑን እንዳትነካው! ቦዲው ፖሊካርቦኔት ነው። አሴቶንም ሆነ ቲነር ሲያገኘው ጉም የለበሰ ይመስል ይነጣል፣ ቀጥሎ ይሰነጣጠቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ብዙውን ጊዜ ያው አሴቶን ነው። እኔ አንድ ቆንጆ ቦዲ በዚህ አጥፍቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

እየረገፈ ከሆነ ግማሽ ሥራው አልቆልሃል። ሰፊ የካርቶን ፕላስተር ቀለሙ ላይ ለጥፍ፣ በአውራ ጣትህ ጫን ጫን አድርገው፣ ከዚያ ባንዴ ሳበው። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ይመጣል። የቀረውን ከፋርማሲ በምትገዛው አልኮል በነከርከው ለስላሳ ጨርቅ ቀስ እያልክ እሸው።

ለምን ተላጠ ላልከው፦ ይህ ቦዲ ሲጋጭ ይተጣጠፋል። ተራ ስፕሬይ ደግሞ ሲደርቅ ግትር ነው፣ አብሮት አይታጠፍም። ታሚያ ራሱ ቀለሞቹን ለይቶ ነው የሚሠራው፤ ፒኤስ የሚለው ለፖሊካርቦኔት ነው፣ ቲኤስ የሚለው ለጠንካራ ፕላስቲክ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ከመቀባትህ በፊት አጥበኸዋል?

መልስ፣ ከ«የጋራዥ ቀቢ»

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት መኪና ዱኮ ስቀባ ነው። የልጅ ልጄ እንዳንተው ሪሞት መኪና ስላለው ይህንንም ተምሬዋለሁ።

መጀመሪያ ማጠብ ነው። ፕላስቲኩ ከሻጋታው እንዲላቀቅ የሚቀባ ቅባት ውስጡ ላይ ይቀራል። ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠበው፣ በደንብ አለቅልቀው፣ ይድረቅ። ከዚያ ወዲያ ውስጡን በጣትህ አትንካው።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉ ከመኪና ቅብ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። እኛ ጋራዥ መጨረሻ የምንረጨው ነው ፊት ሆኖ የሚታየው። እዚህ ግን ከውስጥ ስለምትቀባ መጀመሪያ የረጨኸው ነው በውጭ የሚታየው። ስለዚህ ጥቁሩ መስመር ይቀድማል፣ ፈዛዛው ቀለም፣ ለምሳሌ ቢጫ፣ ይከተላል፣ ከኋላው ነጭ ትደግፍበታለህ። ያለዚያ ቢጫው ቆሻሻ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ አትቸኩል። የመጀመሪያው ዙር ጤዛ ያህል ብቻ ይሁን። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብለህ እርጭ፣ ይድረቅ፣ ድገም። ባንዴ ካወፈርከው ይፈሳል። ከሐይቁ ንፋስ ሳይነሣ በጠዋት ሥራው። ክረምት ላይ ዝናብ ሊጥል ሲል አትቀባ፣ እርጥበቱ ቀለሙን ያነጣዋል። ከቦዲው ጠርዝ ቆርጠህ የጣልከው ቁራጭ ካለ እሱ ላይ ሞክረው። አድርቀህ እጠፈው። ካልተላጠ ቀለሙ ይሆንሃል ማለት ነው።

ከውጭ ያለውን ስስ መከላከያ ላስቲክ ደግሞ ሁሉም ሳያልቅ አታንሣው።

ጣና ዳር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እውነቱን ልናገርና ጨርሶ አላጠብኩትም። አጎቴ በሚቀጥለው ወር ይመጣል፤ ፒኤስ ስፕሬይ ይዞልኝ እንዲመጣ ልንገረው?

መልስ፣ ከ«ተጓዥ»

ተው፣ አጎትህን ኤርፖርት ላይ አታስቸግራቸው። የሚረጭ ቀለም በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በመንገደኛ አውሮፕላን ክልክል ነው፤ በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም። በውኃ የሚቀጥን፣ ለፖሊካርቦኔት ተብሎ የተሠራ የጠርሙስ ቀለም አለ። የማይቀጣጠል መሆኑ ተጽፎበት ከሆነ በሚጫነው ሻንጣ ይመጣል። ትርፍ ሊፖ ባትሪ የሚያመጡልህ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በእጅ ሻንጣ ብቻ፣ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ያንተው ዓይነት 7.4 ቮልት፣ 5 አምፒር-ሰዓት ቢሆን 37 ዋት-ሰዓት ነው፣ ችግር የለውም።

መልስ፣ ከ«ሰማያዊ ባጃጅ»

ወር ሙሉ ከምትጠብቅ ስቲከር ለምን አትሞክርም? ባጃጅ የሚያስጌጡ ልጆች ጋ ሂድና የተረፈ ቁራጭ ጠይቅ። ላንተ መኪና ከአንድ ሜትር በታች ይበቃል። የሚለጠፈው ከውጭ ነው። ጣሪያው ላይ ጀምር፣ አየሩን በጨርቅ ወደ ጎን እየገፋህ ውረድ። ጎማው ዙሪያ ጥምዝ የሚለው ቦታ ላይ ስቲከሩን በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቀህ ሳብ አድርገው። አታቅርበው ብቻ፣ ቦዲው ራሱ ይጨማደዳል። የኔ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ተጭሯል እንጂ አልተላጠም።

መልስ፣ ከ«ኩሽኔታ»

ስለ ሞተሩ ማንም አላነሣም። ዋናው ጥፋተኛ ፒኒየኑ ነው። ጥርሱ በበዛ ቁጥር መኪናው ይፈጥናል፣ ሞተሩ ግን ከባድ ነገር ይጎትታል፣ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል። ቲቲ-02 ደግሞ የአስፋልት መኪና ነው። ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ሣር ላይ ሲሄድ ዳገት እንደሚገፋ ቁጠረው። በዚያ ላይ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሙቀቱን ቶሎ አይወስድለትም።

ኪቱ ይዞት የመጣውን ፒኒየን መልስ። ሞተሩን ያሰርክበት ቦታ ከጥርሱ ብዛት ጋር መግጠሙንም ከመመሪያው አረጋግጥ። ከዚያ ሞተሩን አውጥተህ ጎማውን በእጅህ አዙረው። የሚከብድ ከሆነ ጥርሶቹ መሐል አሸዋ ገብቷል፣ ወይም ጎማው የሚዞርባቸው የፕላስቲክ ቀለበቶች አቧራ ይዘዋል። እነሱን በኩሽኔታ ቀይራቸው። ከሁሉ በፊት ገንዘብ የማወጣው እዚያ ላይ ነው።

ባትሪውን አደራ። ስፒድ ኮንትሮልህ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ሊፖው ሲደክም ሞተሩን የሚያቆም መሆኑን እይ። ባትሪው ውስጥ ካሉት ሁለት ሴሎች አንዱ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። ያበጠ ካየህ ቻርጅ አታድርገው። ለሳምንት የምታስቀምጠው ከሆነ በየሴሉ 3.8 ቮልት ላይ ተወው።

ጣና ዳር (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ፕላስተሩ ሠራ! ከኋላ መብራቱ ጥግ የቀረውን በአልኮል አነሣሁት። ባጃጅ የሚያስጌጠው ልጅ ቀይ ቁራጭ በነፃ ሰጠኝ። ሰማያዊ ባጃጅ እህቴ፣ የስቲከር ምክርሽ በጣም ጠቀመኝ። ኮፈኑ ላይ አንድ የአየር ቋጠሮ ቀርቶብኝ ነበር፣ በመርፌ ወጋ አድርጌ አስተነፈስኩት፣ አሁን አይታይም።

ሞተሩን ሳወጣ የኋላው ቀኝ ጎማ አልዞር አለኝ። ስፈታው ቀለበቱ ውስጥ ጥቁር አፈር ከግራሶ ጋር ተለውሶ እንደ ሊጥ ሆኗል። አጽድቼ፣ ትንሹን ፒኒየን መልሼ አስፋልት ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ነዳሁት። ሞተሩ ሞቅ ብሏል፣ ግን እጄን አስቀምጬ አቆየሁበት። ለአጎቴ ኩሽኔታ እንዲያመጣ ነግሬዋለሁ።

ባሕር ዳር ያላችሁ እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ሰው ሳይበዛበት፣ ሐይቁ ዳር ነኝ። ቀይዋን መኪና ታዩዋታላችሁ።