መጋቢት 1 ቀን 2011 ጠዋት የት ነበራችሁ?

የልደታ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ መጻፍ እጀምርና እተወዋለሁ። ዘንድሮ ግን እናቴ ራሷ «እስኪ ሰው ጠይቂልኝ» ስላለችኝ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ወደ ናይሮቢ ሲበር የወደቀበት ቀን እሑድ ነበር፣ ዐቢይ ጾም ገና መያዙ። ታናሽ እህቴ በዚያው ጠዋት ወደ ዱባይ ትበር ነበር። ለሥራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሌሊት ተነስተን እናቴ ሽሮና በርበሬውን በላስቲክ ጠቅልላ ሻንጣው ውስጥ አስገባችላት። ቦሌ ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ እኔና እህቴ መኪና ማቆሚያው ጋ ተሰነባበትን። አሁን ድረስ ከዓይኔ የማይጠፉት አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ናቸው። አንድ ሰውዬ ልጁን ተሸክሞ ይስማታል። ትልልቅ ቦርሳ ያዘሉ ሁለት ፈረንጆች ይሳሳቃሉ። ማን ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። ማወቅም አልችልም።

ቤት ተመልሼ ተኛሁ። 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ጎረቤታችን ደወለች። «እህትሽ ሄደች እንዴ?» አለችኝ። አነጋገሯ ልክ አልነበረም። «አዎ፣ ምነው?» ስላት ዝም አለች። ስልኬን ስከፍት አውሮፕላን ወድቋል የሚል ወሬ ሞልቷል። ወዲያው ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የሐዘን መግለጫ አወጣ።

ዕለቱ ልደታ ስለነበረች እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ጸበሏን ይዛ ስትመለስ እኔ ሳልደርስባት በር ላይ ሰዎች ነገሯት። የጸበሉ ጠርሙስ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። «የወደቀው የናይሮቢው ነው እማዬ፣ የሷ አይደለም» ብዬ መቶ ጊዜ ነገርኳት። አልሰማችኝም። «አየር ላይ መንገድ አይቀየርም?» ትለኛለች። ለሦስት ሰዓት ያህል መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ስትደቃ ዋለች።

ከዚያ እህቴ ከዱባይ ደወለች። ደርሳለች። እናቴ ተነስታ እልል አለች። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አብሯት እልል አለ። ቡና ተፈላ።

ማታ ቴሌቪዥን ተከፈተ። 157 ሰው፣ አንድም የተረፈ የለም። እናቴ ቁጭ ብላ አየች፣ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። «እኔ እልል ስል የማን እናት ነበረች የምታለቅሰው?» አለችኝ። ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።

በየዓመቱ መጋቢት 1 ለእነሱ ጧፍ ታበራለች። ለንስሐ አባቷም ነግራለች፣ ኃጢአት እንዳልሆነ ነግረዋታል፣ ግን አልወጣላትም። እናንተስ ያን ቀን እንዴት አለፋችሁት? በተለይ ቅርብ የነበራችሁ፣ የእናቴን ነገር እንዴት ታዩታላችሁ?

ከቢሾፍቱ፦

እህቴ፣ እናትሽን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። እኔ ልመልስልሽ፣ ምክንያቱም ቦታው ላይ ነበርኩ።

የአጎቴ ቤት አውሮፕላኑ ከወደቀበት ከቱሉ ፋራ ብዙ አይርቅም፣ ጊምቢቹ ወረዳ ኤጀሬ አካባቢ ነው። ጠዋት ደውሎ «ሰማይ ተቀዶ ወደቀ» አለኝ። አልገባኝም። ድምፁ እንደ ለመደው የአውሮፕላን ድምፅ አልነበረም አለ። እኔ ሞተር ሳይክል ነበረኝ፣ ተነስቼ ሄድኩ።

ስደርስ አውሮፕላን የሚባል ነገር የለም። የሰማሁት አውሮፕላን ስለነበር በዓይኔ ክንፍ እፈልጋለሁ፣ ጭራ እፈልጋለሁ። የለም። ያለው ጉድጓድ ነው፣ የሚጨስ። በኋላ በመርማሪዎቹ ሪፖርት ላይ ስፋቱ 28 ሜትር፣ ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ጥልቀቱ 10 ሜትር ገደማ ተብሎ ሳነብ ልክ ነው አልኩ፣ ግን ያኔ ጠርዙ ላይ ስቆም መጨረሻ ያለው አልመሰለኝም። ዙሪያውን የተበታተነው እፍኝ የማይሞላ ብረት፣ ወረቀትና የልብስ ቁራጭ ነው። አንድ የመጽሐፍ ገጽ አነሳሁ። ከዚያ የማነሳው ነገር የማን እንደሆነ ትዝ ሲለኝ እንደነበረ አስቀመጥኩት።

ልነግርሽ የፈለግኩት ግን ይህን አይደለም። የአካባቢው ሴቶች ተሰብስበው መጡ። እኛ ጋ ለቅሶ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ የሟቹ ስም ይጠራል፣ አባቱ ይጠራል፣ ያደረገው ይነገራል። እዚያ ግን ስም የለም። ማን እንደሞተ የሚያውቅ ሰው የለም። አክስቴ ቆማ ቆማ «የእናትህ ልጅ! የእናትሽ ልጅ!» እያለች ማልቀስ ጀመረች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። ያን ቀን ሁሉ እንደዚያ ነው የተለቀሰው። እናትሽ ቤት ውስጥ እልል ሲባል እዚህ ለሞቱት የሚያለቅስ ሰው አልጠፋም ነበር። ይህን ንገሪልኝ።

በኋላ ቤተሰቦች ከየአገሩ መጡ፣ ኬንያዊ፣ ቻይናዊ፣ ካናዳዊ። ከአክስቴ ጋር አንድም ቃል አይግባቡም። አንዲት ሴትዮ አፈሩን በሁለት እጇ ዘግና ይዛ አልነሳም ስትል አክስቴ አብራት መሬት ላይ ተቀመጠች። በቃ ተቀመጠች። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተያይዘው ተነሱ።

የሰማይ ቤት፦

እኔ የበረራ አስተናጋጅ ነበርኩ፣ አሁን ሥራውን ለቅቄያለሁ። ስለዚያ ቀን ብዙ አላወራም፣ ግን የእናትሽን ጥያቄ ሳነብ ማለፍ አልቻልኩም።

እረፍት ላይ ነበርኩ። ወሬው መጀመሪያ የደረሰን እንደ ሁሉም ሰው በስልክ ነው። ከዚያ እርስ በርስ መደዋወል ነው። «አንቺ የት ነሽ? እሷስ? እሱስ ዛሬ በራሪ ነበር?» የሚያነሳ ሰው ሲገኝ «ተመስገን» ትያለሽ፣ ወዲያው ደግሞ የማያነሳውን ታስቢያለሽ። 8ቱ የበረራ ሠራተኞች እነማን እንደሆኑ እስክናውቅ ድረስ ስንት ጊዜ «ተመስገን» እንዳልኩ አልቆጠርኩም። እና ለእናትሽ ልነግራት የምፈልገው፣ እኔ የሥራ ባልደረቦቼን እያወቅኩ ነው «ተመስገን» ያልኩት። እሷ ግን ማንንም አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ። እኛ ግን በረራ ነበረን። ዩኒፎርሙን ስለብስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በር ላይ ቆመን መንገደኛ ስንቀበል ሁሉም ዓይን ዓይናችንን ያያል። አንዲት እናት እጄን ይዘው «እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ ልጆቼ» አሉኝ፣ ፈገግ ብዬ ወደ ወንበራቸው መራኋቸው፣ ከዚያ ኋላ ምግብ ማዘጋጃው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ከሐዘኑ ሳንወጣ ደግሞ ሌላ መጣ። ውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ሰዎች ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ ለመጣል ተጣደፉ። ይሄ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፣ ከ8 ሺህ ሰዓት በላይ የበረረ። ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ 25። ከዚያ አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ በፊት፣ ጥቅምት 19፣ ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰው ሞቶ ነበር። ያኔ ነው ኤምካስ የሚባል ስርዓት እንዳለ የዓለም አብራሪዎች ያወቁት፣ ከአንድ ሴንሰር ብቻ የተሳሳተ መረጃ ተቀብሎ አብራሪው ሳያዘው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋ። ከዚያ በኋላም እንዲበር ተፈቀደለት። የእኛዎቹ ከጠዋቱ 2፡38 ተነስተው 6 ደቂቃ ታገሉት። የመጀመሪያው ሪፖርት መጋቢት 26 ሲወጣ የትራንስፖርት ሚኒስትሯ አብራሪዎቹ የተሰጣቸውን መመሪያ መከተላቸውን ስትናገር ቤት ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ። ደስታ አልነበረም። ምን እንደነበረ አላውቅም።

ሳምንቱ እሑድ መጋቢት 8 ሥላሴ ካቴድራል በዩኒፎርም ሄድን። ለኢትዮጵያውያኑ 17 ሳጥን፣ ሁሉም ባንዲራ ለብሷል፣ ሁሉም ባዶ። አስከሬን የሚባል ነገር ስላልነበረ ለቤተሰብ የተሰጠው አንድ ኪሎ የምትሆን ከቦታው የተዘገነ አፈር ናት። ሳጥኑ ከብዶ የሚሸከመው ሰው ሲንገዳገድ አይቼ አውቃለሁ። ያን ቀን ያየሁት ሳጥኑ ቀልሎ ሰው ሲንገዳገድ ነው።

ከናይሮቢ፦

እኔ ናይሮቢ ነው የምኖረው፣ ኢስሊ ሰፈር ሱቅ አለኝ። ያን ቀን ሳስታውስ የሚመጣልኝ ከ157ቱ 32ቱ ኬንያውያን መሆናቸው ነው። ከሁሉም አገር ብዙ ያጡት እነሱ ናቸው። እኔ ደግሞ የአየር መንገዱ አገር ሰው ነኝ። ሰኞ ሱቅ ስከፍት ሰው ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

መጀመሪያ የገባው ከጎኔ ልብስ የሚሸጠው ኬንያዊ ነው። ቀና ብዬ ሳየው እጁን ዘርግቶ «ፖሌ ሳና ወንድሜ» አለኝ። አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ እንደማለት ነው። እኔ ልለው የተዘጋጀሁትን እሱ ቀደመኝ። እዚሁ ናይሮቢ ጊጊሪ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ባንዲራው ሁሉ ዝቅ ብሎ ነበር የዋለው፣ የአካባቢ ጥበቃ ጉባኤ ሊካፈሉ የሚመጡ ሰዎች አውሮፕላኑ ውስጥ ስለነበሩ። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል።

የእናትሽ እልልታ ኬንያ ድረስ ቢሰማ ኖሮ የሚቀየም አልነበረም። እኔ ይህን አምናለሁ።

ቆሼ አጠገብ፦

ከዚያ በሁለት ዓመት የቀደመውን ማንም ባያነሳው ላንሳው፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ፣ ቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የሞተበት። የእኛ ቤት በዚህኛው ጎን ነበር፣ ናዳው በዚያኛው ሄደ። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች፣ አባቴና እኔ ደግሞ አካፋ ይዘን ከጎረቤት ጋር እንቆፍራለን። አንድ ጊዜ አባቴ ተናዶ «ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል!» አላት። የምንቆፍርለት ሰውዬ ግን፣ ሚስቱ ከሥር ያለችበት፣ «ተዋት፣ ትመስግን፣ ልጆቿን ያተረፈላትን» አለው። ከቁጥሩም ከሦስት ቀኑ ብሔራዊ ሐዘንም በላይ እኔ ጋ የቀረው ያ ቃል ነው። ሰውዬው በኋላ ሰፈር ለቀቀ። ያንን ለእናትሽ አንብቢላት።

የልደታ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ለእናቴ አንድ በአንድ አነበብኩላት። የሰማይ ቤት፣ ያንቺን ስትሰማ ነው ያለቀሰችው፣ «ይቺ ልጅስ የሚያጽናናት ነበራት?» ብላ ጠየቀችኝ። የቆሼውን ሰውዬ ቃል ደግሞ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

የቢሾፍቱው ወንድሜ፣ ያንተን ጨርሼ ስትነሳ ቡና ልትቆላ መስሎኝ ነበር። ነጠላዋን አምጥታ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «እዚያ ውሰጂኝ» አለችኝ። አክስትህ አሁንም አሉ ወይ? ብንመጣ አይቸገሩም?

ከቢሾፍቱ፦

አለች፣ ደህና ናት። አሁን ደውዬ ነገርኳት፣ «መቼ ነው የሚመጡት?» ብቻ ነው ያለችኝ። በጠዋት ተነሱ። እስከ እኛ በታክሲ ኑ፣ ከዚህ እኔ እወስዳችኋለሁ። እናትሽ ጠንካራ ጫማ ያድርጉ፣ አገሩ መረሬ አፈር ነው፣ ማታ ዝናብ ከጣለ መኪና አይገባም፣ የመጨረሻዋን በእግር ነው የምንሄደው። ጧፍ የሚያመጡ ከሆነ ክብሪት አይርሱ፣ ንፋስ አለ።