ቤት ዘግቶ ለመቀመጥ፦ ለእሁዱ ስብሰባ የሚቀርብ ዕቅድ

ቤት 41 (ጸሐፊ)፦ ረቂቁ ይኸው። ዓላማው አንድ ነው። ድንገት አንድ ነገር ቢፈጠር እያንዳንዱ ቤት መብራት፣ ውሃና ሱቅ ሳይጠብቅ ሦስት ቀን በሩን ዘግቶ መቀመጥ እንዲችል። ሰዓት እላፊ ይሁን፣ ጎርፍ ይሁን፣ እንደ 2012ቱ ወረርሽኝ ይሁን። ያኔ መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ከተባለ በኋላ እዚህ ግቢ ማን ምን ይዞ እንደተገኘ ታስታውሳላችሁ። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ለመጠጥና ለማብሰያ ብንይዝ፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት 60 ሊትር ይመጣል። ስለዚህ ለየቤቱ ሦስት ባለ 20 ጄሪካን፣ ሦስት ኪሎ በሶ፣ አንድ የእጅ ባትሪ። 96 ቤት ነን፣ በጅምላ ስንገዛ ይረክሳል። ሂሳባችን ላይ 186 ሺህ ብር አለ። አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ።

ቤት 30 (ገንዘብ ያዥ)፦ 186 ሺህ አለ ማለት 186 ሺህ ይወጣል ማለት አይደለም። 110 ሺው ለሮቶ ተብሎ የተዋጣ ነው። ቃለ ጉባኤው እኔ ጋ አለ።

ቤት 17፦ ጄሪካኖቹ ሁሉም ቢጫ ናቸው?

ቤት 41 (ጸሐፊ)፦ የዘይት ጄሪካን ነው። ቢጫ ነው። ምነው?

ቤት 17፦ 288 ቢጫ ጄሪካን አንድ ቧንቧ ላይ ሲሰለፍ ይታያችሁ። አምና የጠፋብኝ እስካሁን አልተመለሰም። ክዳኑ ቀይ፣ እጀታው ላይ የተቃጠለ ምልክት ያለው።

ቤት 62፦ ይኸው ተጀመረ።

ቤት 17፦ ምኑ ነው የተጀመረው? በ96 ቤት ገንዘብ እንደገና ልንቀላቀል ነው ወይ ነው ያልኩት።

ቤት 24፦ እያንዳንዱ የራሱ ላይ የቤት ቁጥር ይጻፍበት። አለቀ።

ቤት 17፦ የእኔም ተጽፎበት ነበር። ማርከር በውሃ ይለቃል።

ቤት 71፦ የጥፍር ቀለም አይለቅም። ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

ቤት 24፦ ሰማያዊ ጄሪካንም ገበያ ላይ አይቻለሁ። ከደረጃ አንድ እስከ ሦስት ቢጫ፣ የቀረው ሰማያዊ ይሁን።

ቤት 55፦ ሰማያዊውን ተዉት። ብዙ ጊዜ ኬሚካል የመጣበት ነው። አሥር ጊዜ ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። የነርስ ምክር ነው።

ቤት 24፦ ሻጩ አዲስ ነው ብሎኛል።

ቤት 55፦ ሻጩ ምን እንዲልህ ትጠብቃለህ?

ቤት 88፦ ነጭስ?

ቤት 17፦ ነጭ ጥሩ ነው። ነጭ ይሁን።

ቤት 46፦ ነጩ ብርሃን ያስገባል። በረንዳ ላይ ካስቀመጣችሁት በሳምንቱ አረንጓዴ ያበቅላል።

ቤት 88፦ በረንዳ ላይ ማን አስቀምጡ አለ? አልጋ ስር ነው።

ቤት 46፦ ስቱዲዮ ቤት ውስጥ አልጋ ስር ምን ቦታ አለና። የክረምት ጫማችንም እዚያው ነው።

ቤት 62፦ ቤት 17፣ ያን ቀን ቧንቧው ጋ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን። አንዷ እኔ ነኝ። በግልጽ ተናገር።

ቤት 17፦ እኔ ስም አልጠራሁም።

ቤት 62፦ ባትጠራም ዓመቱን ሙሉ ቀይ ክዳን ቀይ ክዳን እያልክ ነው። ልጆቼ ደረጃ ላይ ሲያዩህ የሚሉህን ብትሰማ። አንድ ጄሪካን አስር እጥፍ ልግዛልህና ይብቃህ!

ቤት 17፦ ግዢልኝ አላልኩም። መልሱልኝ ነው ያልኩት።

ቤት 03፦ ልጆች ተዉ እንጂ። በዚህ ዕድሜያችሁ በጄሪካን? ለነገሩ እኔም አንድ ጠፍቶብኝ ነበር።

ቤት 41 (ጸሐፊ)፦ ጋሼ፣ እርስዎም? እባካችሁ ወደ ዕቅዱ እንመለስ። ውሃው እንዴት ይቀመጣል፣ በስንት ጊዜ ይቀየራል፣ እሱን እንነጋገር።

ቤት 09፦ ውሃ መጥታለች!!! ታችኛው ቧንቧ!

ቤት 41 (ጸሐፊ)፦ አሁን የት ሄዳችሁ?

ቤት 41 (ጸሐፊ)፦ እኔም ልውረድ።

ቤት 55፦ ሁለት ሰዓት ሆነን። ሁሉም ቀድቷል ብዬ ልጻፍ። ውሃ የሚያስቀምጥ ሰው ጄሪካኑን በሳሙና አጥቦ፣ ጥርት ያለ ውሃ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ ከፀሐይ ያርቀው። በየስድስት ወሩ ይቀይረው። ስለ ንጽህናው ከተጠራጠረ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ ይጠብቅ። ይኼ ቀላሉ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከሰሉ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ማንደጃውን በረንዳ ላይ እናቀጣጥላለን፣ ጭሱ ሲያልቅ «አሁን በሰለ» ብለን ወደ ቤት እናስገባለን። ገዳዩ ያኔ ነው። የጋየ ከሰል ጭስ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ መርዙ ግን አለ። በር ዘግተው ሲተኙበት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ ነው። በየብርዱ ወራት እንዲህ የሚመጡ ቤተሰቦች አያለሁ። አንዳንዶቹ አይነቁም። «በር ዘግቶ መቀመጥ» ብለን ወረቀት ላይ ጽፈን ስለ ከሰል አንድ መስመር ካልጨመርን፣ ባይጻፍ ይሻላል።

ቤት 41 (ጸሐፊ)፦ ይጨመራል። አንደኛ ተራ ላይ።

ቤት 12፦ እናቴ ኢንሱሊን ትወስዳለች። መብራት ሦስት ቀን ቢጠፋስ?

ቤት 55፦ የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፍሪጅ 28 ቀን ይቆያል፣ ሙቀትና ፀሐይ እስካላገኘው። ያልተከፈተውን በፌስታል ጠቅልለሽ ውሃ ባለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ጥግ። የመድኃኒቷን ወረቀት ፎቶ ላኪልኝ፣ በውስጥ እነግርሻለሁ።

ቤት 29፦ እኔ ያልገባኝ፣ ታህሳስ 26 ሌሊት ለ10 ሰዓት ትንሽ ጉዳይ ሲሆን ሁላችን ብርድ ልብስ ተከናንበን ሜዳ ላይ አልነበርንም? ያ ከፈንታሌ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ። አሁን ደግሞ ቤት ዘግታችሁ ተቀመጡ ነው?

ቤት 46፦ ሁለቱ ይለያያሉ። ሲንቀጠቀጥ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር፣ ከመስታወትና ከቁም ሳጥን ራቅ ብሎ። ሲቆም ነው የሚወጣው። እኛ ግን እየተንቀጠቀጠ ነው ደረጃው ላይ የተረጋገጥነው። የካቲት 7 ደግሞ 6 የተለካው ሲመጣ ያንኑ ደገምነው። ዕቅዱ መቼ ቤት መቆየት፣ መቼ መውጣት እንደሆነ ይለይ። ስልክም ይለጠፍ፦ እሳት 939፣ አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991።

ቤት 24፦ እንግዲያው ለምን 288 ጄሪካን? በዚያ ገንዘብ አንድ ትልቅ ሮቶ ጣሪያ ላይ እናስቀምጥ። የጄሪካኑም ጭቅጭቅ ያበቃል።

ቤት 46፦ 5 ሺህ ሊትር ማለት 5 ቶን ነው። እላይ 5 ቶን ሰቅለህ መሬት ሲወዛወዝ እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። አልስማማም።

ቤት 30 (ገንዘብ ያዥ)፦ መሬት ላይ ይሁን። የሮቶው ገንዘብ ለሮቶ ዋለ ማለት ነው።

ቤት 17፦ መሬት ላይ ከሆነ ቁልፍ ያስፈልገዋል።

ቤት 62፦ በዚህ እስማማለሁ።

ቤት 41 (ጸሐፊ)፦ ቤት 17 እና ቤት 62 ተስማሙ። ስክሪን አነሳሁ።

ቤት 08፦ በሶውን እኔ አዘጋጃለሁ ብያለሁ። እሳትም ቅቤም አይፈልግ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ ጾመኛም ይበላዋል። የተገዛ በሶ ግን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ገብስ ተገዝቶ ይለቀማል፣ ይፈተጋል፣ ይታመሳል፣ ይፈጫል። የሚያምሱ አራት ሴቶች ይምጡ። ወንድም ይችላል፣ እጅ ካለው።

ቤት 71፦ እኔ አለሁ።

ቤት 12፦ እኔም።

ቤት 88፦ እኔ ቅዳሜ እችላለሁ።

ቤት 24፦ እንጨቱን እኔ አመጣለሁ።

ቤት 08፦ እግዜር ይስጣችሁ። ኮሚናሉ ቅዳሜ ጠዋት ይከፈት።

ቤት 30 (ገንዘብ ያዥ)፦ ኮሚናሉ እኮ ተከራይቷል።

ቤት 08፦ ለማን?

ቤት 30 (ገንዘብ ያዥ)፦ ለዕቃ ማስቀመጫ። የቀድሞው ኮሚቴ ነው ያከራየው። ሲሚንቶ አለበት።

ቤት 03፦ በግ የምናርድበት፣ ለቅሶ የምንቀመጥበት ቤት ሲሚንቶ አለበት? ኪራዩስ የት ገባ?

ቤት 29፦ ጋሼ ጥሩ ጥያቄ ነው። በወር ስንት ነው? ከመቼ ጀምሮ?

ቤት 30 (ገንዘብ ያዥ)፦ እሱ የዚህ ዕቅድ አካል አይደለም።

ቤት 62፦ አሁን ሆነ።

ቤት 46፦ አንድ ነገር ቢመጣ አቅመ ደካሞችን፣ እንግዳውን፣ ቤቱ የተሰነጠቀበትን የምናስገባው እዚያ ነው። ያለ ኮሚናል ምን ዕቅድ አለ? መጀመሪያ ቤቱ ይመለስ።

ቤት 88፦ በሩም የተገነጠለ ነው። ቆርቆሮ ነው የተደገፈበት።

ቤት 24፦ የብረት በር ሠሪ አውቃለሁ። ጥሩ ዋጋ ይሠራልናል።

ቤት 55፦ ስለ ከሰሉ ያልኩት አልተረሳም አይደል?

ቤት 41 (ጸሐፊ)፦ ሐሙስ ነው። ቤት 71፣ 12፣ 88፣ ለቅዳሜው ገብስ ቁርጥ መልስ ላኩ።

ቤት 71፦ ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ።

ቤት 12፦ እናቴን ሐኪም ቤት አደርሳለሁ።

ቤት 41 (ጸሐፊ)፦ ቤት 88? ቤት 24፣ እንጨቱ?

ቤት 24፦ የበሩን ሰው እያናገርኩ ነው። ልኬት ልንወስድ ነው።

ቤት 41 (ጸሐፊ)፦ እሺ። ለእሁድ የሚቀርበው የተስተካከለው እንዲህ ሆኗል። አንደኛ፣ የኮሚናሉ ኪራይ ተቋርጦ ቤቱ ለማህበሩ ይመለስ፣ የብረት በር ይሠራለት። ሁለተኛ፣ መሬት ላይ የሚቀመጥ ሮቶ ከነቁልፉ፤ ቁልፉ የቤት 03 ጋሼ ጋ። ሦስተኛ፣ ጄሪካን እያንዳንዱ ቤት በፈለገው ቀለም በራሱ ይግዛ። አራተኛ፣ የከሰሉ ማስጠንቀቂያና የስልክ ቁጥሮቹ በየደረጃው ይለጠፉ። በሶና የእጅ ባትሪ ለሚቀጥለው በጀት ተላልፈዋል።

ቤት 46፦ «ሦስት ቀን» የሚለው የት ሄደ?

ቤት 41 (ጸሐፊ)፦ መግቢያው ላይ አለ።

ቤት 17፦ ቁልፉ ስንት ቅጂ ነው?

ቤት 03፦ አንድ። በአንገቴ አንጠለጥለዋለሁ።

ቤት 08፦ ቆይ እንጂ። በሶው ተላልፏል ማለት ምን ማለት ነው? እኔ እኮ ገብሱን ረቡዕ ገዝቼዋለሁ። አንድ ኩንታል። አህያው እስከ በር አምጥቶት ሁለት ልጆች ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመውልኛል፣ ለእነሱም ከኪሴ ከፍያለሁ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጧል፣ ርግብ እየለቀመው ነው። ገንዘቤን ማን ይሰጠኛል?

ቤት 08፦ ገንዘብ ያዥ፣ አንተ ልጅ። ኦንላይን እንዳለህ አያለሁ።